ከሙሉ ጣውላ ኮፊ ቴብል ለመስራት፦ መጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ

ከነተፈጥሮ ጠርዙ ከግንድ ተሰንጥቆ የወጣ ሙሉ ጣውላ ላይ የብረት እግር አርጎ የሳሎን ኮፊ ቴብል መስራት አሁን አሁን በጣም እየተለመደ ነው፣ ፎቶውን አይቶ እኔም ልሞክረው ያለ ሰውም ብዙ ነው። ስራው የሚያስፈራ አይደለም፣ መላጊያና ትራፓኖ ያለው፣ ትንሽ ደሞ ትግስት ያለው ሰው ይሰራዋል። ግን ተሰርቶ ካለቀ በኋላ አንድ አመት እንኳ ሳይሞላው መሃሉ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ ወደ ላይ የተንጋደደ፣ ስኒ ሲቀመጥበት የሚንገዳገድ ጠረጴዛ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፣ ዛፉ እኮ ለዚህ ለመድረስ ስንት አመት ቆሟል። ምክንያቱ ሁሌ ማለት ይቻላል ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ እንጨቱ እርጥብ እያለ ተሰርቷል ወይ ደሞ ብረቱ ላይ ፍንክች እንዳይል ተደርጎ ታስሯል። ስለዚ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አርጌ እጽፋለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ነው ማልፈው።

የቱን እንጨት ልግዛ?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋንዛ። ለስላሳ ነው ለመላግ አያስቸግርም፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ መሃሉ ወርቃማ ቡኒ ሆኖ ዳሩ ላይ ያለው ነጭ እንጨት ጎልቶ ስለሚታይ ተፈጥሯዊው ጠርዝ በጣም ነው የሚያምረው። ከጥንት ጀምሮ ከበሮ የሚፈለፈልበት፣ በርና ሳጥን የሚሰራበት እንጨት ነው፣ ሲዳማና ጌዴኦ ጅማም ብትሄዱ ደሞ ቡናው ስሩ የሚያድግበት የጥላ ዛፍ አንዱ እሱ ነው፣ ቡና ለሚጠጣበት ጠረጴዛ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግስት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል፣ ከዛ በኋላም በ1999 እና በ2010 አዳዲስ የደን አዋጆች ወጥተዋል። አገር በቀል እንጨት ስትገዙ ከማን ማሳ ወይም ግቢ እንደተቆረጠ ጠይቁ፣ የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ፣ ሻጩ ካመነታ ተዉት ሌላ ቦታ ሂዱ። ይሄን የምለው መንገድ ላይ ኬላ እንዳይዛችሁ ብቻ አይደለም፣ ከተፈጥሮ ደን ተሰርቆ የወጣ ዝግባ ላይ ቡና መጠጣት ደስ ስለማይል ነው።

በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ምርጫዬ ግራቪሊያ ነው። እንደ ባህር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ስለሆነ የአገር በቀል ዛፎቹ ክልከላ አይነካውም፣ በየግቢው በየቡና ማሳው ሞልቷል፣ ቤት ሊሰራ ግቢውን የሚያጸዳ ሰው ብዙ ጊዜ ለማገዶ ነው የሚሸጠው። ከግንዱ መሃል አካባቢ የተሰነጠቀውን ጣውላ ስትልጉት ፊቱ ላይ እንደ ዳንቴል የተረጨ የሚያብለጨልጭ ጥለት ይወጣል፣ ሰው ምንድነው ይሄ ብሎ ይጠይቃችኋል። ችግሩ ዱቄቱ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ ሽፍታም ያወጣል፣ ስለዚ ሲታሸት ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ማስክ አርጉ፣ ስትጨርሱ ወዲያው ታጠቡ።

ወይራ ቆንጆ ነው ግን ከባድና ጠንካራ ነው፣ መላጊያችሁን ቶሎ ያደንዘዋል፣ ሲደርቅም መሰንጠቅ ይወዳል። ክብደቱን ለማነጻጸር 120 በ60 ሆኖ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ ሲደርቅ 17 ኪሎ አካባቢ ቢመዝን የወይራው እጥፉ ይሆናል። ባህር ዛፍ ለመጀመሪያ ስራ አልመክርም፣ ገና ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ውጥረት ሲለቀቅ ጣውላው እዛው ማሽኑ ላይ ሲጎብጥ ታዩታላችሁ፣ ሲደርቅ ደሞ ይጠማዘዛል። ቀይ ባህር ዛፍ ቀለሙ ስለሚያምር ልምድ ካላችሁ በኋላ ሞክሩት።

ስትገዙ የምታዩት ይሄ ነው። ውፍረቱ እርጥብ እያለ 6 ሳንቲ ይሁን፣ ደርቆ ተልጎ ሲያልቅ 4 ተኩል አካባቢ ይቀራል። የግንዱ እምብርት ማለትም የቀለበቶቹ መሃል ጣውላው ውስጥ ካለ እዛ ጋር መሰንጠቁ አይቀርም፣ ስለዚ መሰንጠቂያ ቤቱን ከእምብርቱ ጎን ያለውን ጣውላ ስጡኝ በሉ። ጠርዙ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ኖረው ስታንኳኩት ደቃቅ ዱቄት ከወጣ ነቀዝ ውስጡ አለ ማለት ነው፣ ነቀዝ ያለበትን እንጨት ቤት አታስገቡ ሌላውን ዕቃ ይጨርሰዋል። ርዝመቱን ደሞ ከምትፈልጉት በሁለቱም ጫፍ 10፣ 15 ሳንቲ አስበልጡ፣ ጫፍ ሁሌ ይሰነጠቃል፣ በኋላ ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ።

ልኩ

ለተለመደው ሶፋ ከፍታው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ነው፣ የሶፋው መቀመጫ ጋር እኩል ወይም 3፣ 4 ሳንቲ ዝቅ ያለ ይሁን። ቤታችሁ ዝቅ ያለ መጅሊስ ከሆነ ግን በዚህ ልክ ከሰራችሁት ሰው ደረቱ ጋር ይደርሳል፣ ለመጅሊስ 28 ወይም 30 በቂ ነው። ከሶፋው እስከ ጠረጴዛው 40 ሳንቲ ክፍተት ይኑር፣ ጉልበት ማለፍ አለበት። ርዝመቱ የሶፋውን ሁለት ሶስተኛ ቢሆን ያምራል፣ ግን ጣውላው የሰጣችሁን ነው የምትቀበሉት።

ማድረቅ፣ እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር

አሁን የተቆረጠ እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ አንዳንዴ ከራሱ ከእንጨቱ ክብደት ጋር እኩል ነው። ያ ውሃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀንሳል፣ በቁመቱ ምንም አይቀንስም ማለት ይቻላል፣ በወርዱ ግን በደንብ ይቀንሳል፣ ያውም ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፣ የአመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚቀንሰው ከእምብርት ወደ ቅርፊት ከሚቀንሰው ሁለት እጥፍ አካባቢ ነው። መንጋደድና መሰንጠቅ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ሰው እንደሚለው ከጸሀይ ወይም ከመጥፎ እንጨት ብቻ አይደለም። ስለዚ ይሄ መቀነስ መጀመሪያ ጣውላ እያለ ይጨርስ፣ ጠረጴዛ ከሆነ በኋላ ሳሎናችሁ ውስጥ አይጨርሰው።

በአየር ለማድረቅ የተለመደው ግምት በየ2 ተኩል ሳንቲ ውፍረት አንድ አመት ነው፣ ለ6 ሳንቲ ጣውላ ሁለት አመት ከዛም በላይ ማለት ነው። ረጅም ነው አውቃለሁ። ማድረቂያ ክፍል ያለው የእንጨት ድርጅት ካገኛችሁ ክፈሉና አስደርቁት፣ በሳምንታት ያልቃል። ካልሆነ ደሞ ግቢያቸው ውስጥ ለአመታት ተደርድሮ የቆየ ጣውላ ያላቸው አናጢዎች አሉ፣ ፈልጋችሁ ከነሱ ግዙ፣ ዋጋው ቢወደድም ያዋጣል።

ራሳችሁ የምታደርቁ ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች በተረፈ የዘይት ቀለም ወይም በቀለጠ ሰም ድፈኑት፣ ውሃ በጫፍ በኩል በጣም ቶሎ ስለሚወጣ ካልተደፈነ በሳምንት ውስጥ ይተረተራል። ይሄን ዛሬ ነገ አትበሉ፣ ግንዱ ተሰንጥቆ ጣውላ በሆነበት ቀን ነው ሚደረገው። ከዛ ከመሬት 30፣ 40 ሳንቲ ከፍ ባለ ቀጥ ያለ ነገር ላይ፣ በየ40 ሳንቲው 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው ደረቅ ሊስቴሎ (ቀጭን የእንጨት ዘንግ) እያስገባችሁ ደርድሩት። ሊስቴሎዎቹ ከላይ እስከ ታች አንዱ ባንዱ ትክክል ላይ መሆን አለባቸው፣ ዝንፍ ካሉ ጣውላው በዛው ጎብጦ ይደርቃል። ላዩ ላይ ብሎኬት ጫኑበት። ጣሪያ ይኑረው፣ ንፋስ ያግኘው፣ ጸሀይ አያግኘው። ቤት ውስጥ ተዘግቶበት በላስቲክ የተሸፈነ እንጨት አይደርቅም ይሻግታል፣ በክረምት ላስቲክ የምትጥሉበት ከሆነ ጎኖቹን ክፍት ተዉት።

ደረቀ አልደረቀ በምን ይታወቃል? የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ በሱ፣ ከሌላችሁ በወጥ ቤት ሚዛንና በኦቭን ይታወቃል፣ ይሄንን ደሞ ሁሉም ሰው ቢያደርገው ደስ ይለኛል። አብሮት ከተሰነጠቀና አብሮት ከደረቀ ያው ውፍረት ካለው ትርፍ ጣውላ ላይ፣ ከጫፉ 30 ሳንቲ ገባ ብላችሁ (ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ያታልላል) ትንሽ ቁራጭ አውጡ፣ ወዲያው መዝኑት፣ 120 ግራም ሆነ እንበል። ከዛ ኦቭኑን 100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ አርጋችሁ አስገቡት፣ በየተወሰነ ሰአቱ እያወጣችሁ መዝኑት፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያ ፍጹም ደረቁ ክብደት ነው። 104 ግራም ላይ ቆመ እንበል፣ የወጣው ውሃ 16 ግራም ነው፣ 16ን ለ104 ስታካፍሉት 15 በመቶ ትንሽ አለፍ ይላል። ለአዲስ አበባ ሳሎን ከ12 በመቶ ማለፍ የለበትም፣ ስለዚ ይሄ እንጨት ገና ነው ማለት ነው። ሲደርስም ወዲያው አትስሩት፣ ጠረጴዛው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ራቅ አርጋችሁ ከስሩ ሊስቴሎ አስገብታችሁ ሁለት ሶስት ሳምንት ይልመድ። በተለይ ሀዋሳ ወይም አዲስ አበባ የደረቀውን ድሬዳዋ ወስዳችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ይሄን ጊዜ አስረዝሙት፣ የቆላው አየር ደረቅ ስለሆነ እንደገና ይቀንሳል።

ቅርፊቱን ማንሳት

ቅርፊቱ ያምራል ልተወው የሚል ሰው አለ። አትተዉት። ከእንጨቱ ጋር ያያዘው ስስ ሽፋን ሲደርቅ ስለሚሞት ዛሬ ባይወድቅ በአመቱ ይወድቃል፣ ነቀዝም የሚደበቀው እዛው ስር ነው። ሰፊ መሮ ውሰዱ፣ በጣም ያልተሳለ ይሁን፣ ከቅርፊቱና ከእንጨቱ መሃል አስገብታችሁ በቀስታ በመዶሻ እየነካካችሁ ፈንቅሉት፣ ደረቅ ከሆነ በትልልቁ እየተላጠ ይነሳል። የተሳለ መሮ ግን እንጨቱ ውስጥ ይገባና ተፈጥሯዊውን ጎባጣ ያበላሽባችኋል። የቀረውን ቡናማ ስስ ሽፋን በናይለን ብሩሽ ወይም በእጅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንሱት። የሽቦ ብሩሽ ከተጠቀማችሁ ደረቅ እንጨት ላይ ብቻ፣ የብረት ብናኝ እርጥብ እንጨት ላይ ከቀረ ጥቁር ሰማያዊ ነጥብ ይሆናል። ጠርዙን ቀጥ ላርገው አትበሉ፣ ጉብጠቱ፣ የቅርንጫፍ ጉጡ፣ ሁሉም እንዳለ ይቆይ፣ እጅ ሲያልፍበት እንዳይወጋ ብቻ አለስልሱት።

ሜዳ ማድረግ

የደረቀ ጣውላ መቼም ቢሆን ሜዳ አይሆንም፣ ትንሽ ተጣሞ ነው የሚገኘው። መጣመሙን ለማየት ሁለት ቀጥ ያሉ እኩል ቁመት ያላቸው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ቁራጮች አንዱን በዚህኛው ጫፍ ሌላውን በዛኛው ጫፍ በወርዱ አጋድሟቸው፣ ከዛ ጎንበስ ብላችሁ አይናችሁን ከፊተኛው ቱቦላሬ የላይ ጠርዝ ጋር እኩል አርጋችሁ የኋለኛውን እዩት። ሁለቱ ጠርዞች አንድ መስመር ከሆኑ ጥሩ ነው፣ አንዱ ጎን ቀድሞ ብቅ ካለ ጣውላው እዛ ጋር ተጠማዟል። ከፍ ያሉትን ቦታዎች በእርሳስ አጭራችሁ ምልክት አርጉ።

ሶስት መንገድ አለ። ሰፊ ማሽን ያለው የእንጨት ስራ ቤት ወስዶ ማስላግ ቀላሉ ነው፣ ግን ብዙ ቤት ያለው ማሽን ከ40 ሳንቲ በላይ ስፋት አይቀበልም፣ ሳትጭኑት በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው በእጅ መላጊያ ነው፣ መጀመሪያ በወርዱ አጋድማችሁ ከፍ ያሉትን ትቆርጣላችሁ፣ ከዛ በቁመቱ ታለሰልሳላችሁ፣ ዋንዛ ላይ ይሄ የሚያስደስት ስራ ነው ትከሻ ግን ይፈልጋል። ሶስተኛው ራውተር የሚባለው የእንጨት መቆርቆሪያ ማሽን ነው። ከጣውላው ግራና ቀኝ ቀጥ ያሉ ሁለት ሀዲዶች፣ ትክክለኛ ቱቦላሬ ጥሩ ነው፣ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ታስራላችሁ፣ ላያቸው ላይ የሚንሸራተት መሃሉ ክፍት የሆነ መሻገሪያ ከኮምፔንሳቶ ትሰራላችሁ፣ ማሽኑ እዛ ላይ ሆኖ ወዲህና ወዲያ እየሄደ ሙሉውን ፊት ይጠርገዋል። በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ በላይ አትቁረጡ። ጣውላው ከስሩ ክፍተት ካለው ስስ እንጨት ወትፉበት፣ ሲጫኑት የሚወዛወዝ ከሆነ የቆረጣችሁት ሁሉ ጠማማ ይሆናል።

አንዱን ፊት ብቻ አርጋችሁ አትተዉ። ሁለቱንም ፊት፣ በተቻለ መጠን ከሁለቱም እኩል ነው የሚነሳው፣ ከአንድ ወገን ብቻ ብዙ ካነሳችሁ ውስጡ የነበረው ትንሽ እርጥበት አንድ ፊት ብቻ ይጋለጥና በማግስቱ ጎብጦ ታገኙታላችሁ። ማታ ስራ ስታቆሙም ጣውላውን ወለል ላይ አታስተኙት፣ በጎኑ አቁሙት ወይ ሊስቴሎ ላይ አስቀምጡት።

ስንጥቅና ጉጥ

ስንጥቅ ያለው ጣውላ አትጣሉ፣ በደንብ ከተያዘ ጌጥ ነው። መሃል ድረስ የሄደ ስንጥቅ ከሆነ እንዳይቀጥል ወገቡ ቀጭን ዳርና ዳሩ ሰፊ የሆነ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ቁልፍ ይገባበታል። ቁልፉን ከጠንካራ እንጨት ስሩት፣ ወይራ ቁራጭ ካገኛችሁ ዋንዛ ላይ ጥቁርና ወርቃማ ሆኖ ያምራል፣ የቁልፉ ቁመት ስንጥቁን አቋርጦ ነው የሚተኛው፣ ርዝመቱ 8 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ የጣውላውን ውፍረት አንድ ሶስተኛ ያህል ይሁን። ቁልፉን ጣውላው ላይ አስቀምጣችሁ በሹል ቢላ ዙሪያውን ቁረጡ፣ በእርሳስ አይደለም፣ ቢላው የቆረጠው መስመር ላይ መሮው ራሱ ገጥሞ ይቆማል። ውስጡን በመሮ አውጡ፣ ኮላ ቀብታችሁ በመዶሻ አስገቡት፣ ሲደርቅ የተረፈውን በመላጊያ አስተካክሉት።

ክፍት ጉጥና ሰፋ ያለ ስንጥቅ በኤፖክሲ ይሞላል። ከስር በኩል በፕላስተር በደንብ አሽጉት፣ ኤፖክሲ ቀጭን ስለሆነ በመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር ይፈሳል። የሁለቱ ፈሳሽ ልክ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ብቻ ተከተሉ፣ በአይን አይገመትም። እዚህ አገር ማታ ስለሚበርድ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ላይ አፍሱት፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ከቀዘቀዘ ለቀናት እያጣበቀ ይቆያል። ጥልቅ ከሆነ በአንዴ አትሙሉት በደረጃ አርጉት፣ ብዙ በአንዴ ከፈሰሰ ይሞቅና ይሰነጠቃል። ጓንት አርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ቀለም ከጨመራችሁ ጥቁር ጨምሩ፣ የኔ ምርጫ ነው፣ ሰማያዊ ወንዝ የሚመስለው ፋሽን ከእንጨቱ በላይ ራሱን ያሳያል፣ እኔ እንጨቱ እንዲታይ ነው የምፈልገው።

ማለስለስ

በብርጭቆ ወረቀት፣ 80 ቁጥር፣ ከዛ 120፣ ከዛ 180፣ በቃ። ቁጥር አትዝለሉ፣ የ80ው ጭረት በ180 አይጠፋም፣ ዘይት ሲነካው ነው ተመልሶ የሚወጣው። ማሽን ብትጠቀሙም የመጨረሻውን በእጅ በቁመቱ አሹት። ከዛ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና ሲደርቅ ፊቱ ላይ የቆመውን ጸጉር በ180 በቀስታ አንሱት። ለማጣራት ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከጠረጴዛው ጋር ሊነካ ምንም ሳይቀረው በጎን አብሩት፣ ቀን ላይ ያላያችሁት ጭረትና የመላጊያ እርከን ሁሉ ጥላ ሆኖ ይታያችኋል።

እግሩና አያያዙ

እግሩን 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ፣ አራት ማዕዘን ክፈፍ አስበይዱ፣ ሁለት ክፈፍ ለሁለቱ ጫፍ። ክፈፉ ከጣውላው ጫፍ የርዝመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ገባ ይበል፣ ለ120 ሳንቲ ጣውላ 24 አካባቢ። በያጁ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ሳይለካ እንዳይበይድ እዛው ቁሙ፣ ከላይ የሚገጥመው ብረት ጠማማ ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ ጣውላውን ይጎትተዋል። ብረቱ አንቲረስት ከዛ ቀለም ይቀባ፣ ያልተቀባ ብረት እንጨቱን ያጠቁረዋል።

አሁን ዋናው ነገር። እንጨቱ ደርቋል ብላችሁ መንቀሳቀሱን አቆመ ማለት አይደለም። ክረምት ላይ ከአየር እርጥበት ይጠጣል ይሰፋል፣ በጋ ላይ ይለቃል ይጠባል፣ ቫርኒሽ ብትቀቡትም ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። 60 ሳንቲ ወርድ ያለው ጣውላ በአመት ውስጥ 4፣ 5 ሚሊ ሊሄድ ሊመጣ ይችላል። ብረት ደሞ አይሰፋም አይጠብም፣ ስለዚ ጣውላውን በአራት ጠባብ ቀዳዳ ብረቱ ላይ ጥርቅም አርጋችሁ ካሰራችሁት አንዱ መሸነፍ አለበት፣ የሚሸነፈው እንጨቱ ነው፣ ጧ ብሎ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ሰው በሌሊት ድምጽ ሰማሁ የሚለው ይሄ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው ብዙ ወጪም የለውም። ክፈፉ ከላይ የሚገጥምበት ላይ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበየድ፣ እዛ ላይ የሚበሱት ቀዳዳዎች ክብ ሳይሆኑ ሞላላ ይሁኑ፣ 8 ሚሊ ስፋት 20 ሚሊ ርዝመት፣ ርዝመቱ በጣውላው ወርድ አቅጣጫ። ሁለት ቀዳዳ አጠገብ ላጠገብ በስቶ መሃሉን በሞረድ መክፈት ነው። ከመሃለኛው መስመር ላይ ያለውን አንዱን ቀዳዳ ብቻ ክብ ተዉት፣ እሱ ጣውላውን መሃል ይይዘዋል፣ ከሱ ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። በየብሎኑ ስር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፣ ጥብቅ ይበል ግን አይታነቅ። ጣውላው 4 ተኩል ሳንቲ ከሆነ ብሎኑ እንጨቱ ውስጥ 3 ሳንቲ ብቻ ይግባ፣ ትራፓኖው እንዳያልፍባችሁ መብሻው ላይ 3 ሳንቲ ጋር ፕላስተር ጠቅልሉበት፣ ላዩን በስታችሁ ካወጣችሁት ማስተካከያ የለውም። ለ6 ሚሊ ብሎን ዋንዛ ላይ በ4 ሚሊ፣ ወይራ ላይ በ4 ተኩል አስቀድማችሁ ብሱ። ክፈፉንና ጣውላውን በኮላ ወይም በኤፖክሲ አታጣብቁ።

ከስር ደሞ ጎማ አርጉለት፣ የሚሽከረከር ማስተካከያ እግር ካገኛችሁ የተሻለ ነው፣ የብዙ ቤት ሴራሚክ ውሃ ልክ አይደለም።

ዘይትና ሰም

ቫርኒሽ ያብረቀርቃል፣ ውሃም ይከላከላል፣ ግን አንዴ ከተጫረ ሙሉውን ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ዘይት ግን የተጎዳችውን ቦታ ብቻ አሽቶ መቀባት ይቻላል፣ እንጨቱን ስትነኩት ደሞ እንጨት ነው የምትነኩት። የኔ ምርጫ የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ነው፣ ሁለቱም እዚሁ ያለ ነው። ቀለም መሸጫ የሚገኘው የተቀቀለ የተልባ ዘይት በቀን ሁለት ቀን ይደርቃል፣ ለምግብ የተጨመቀው ጥሬው ግን ሳምንትም ከዛም በላይ ሊፈልግ ይችላል፣ ጊዜ ካላችሁ ችግር የለውም። የወጥ ዘይት፣ ኑግም ሆነ የዘንባባ፣ አትቀቡ፣ ወይ አይደርቅም ወይ እያጣበቀ ይቀራል።

በጨርቅ ስስ አርጋችሁ ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ይጠጣ፣ ከዛ ያልጠጣውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ አንሱ፣ ላዩ ላይ የቀረ ዘይት ነው የሚያጣብቀው። የመጀመሪያው ሲነካው ያ አቧራማ የነበረው ዋንዛ ወርቅማ ሆኖ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ማየት የስራው ሁሉ ደሞዝ ነው። ሶስት አራት ዙር፣ በየመሃሉ በደንብ እየደረቀ። ከስርም ልክ ከላይ እንዳረጋችሁት ሁሉ፣ ያው ዙር ያው ብዛት፣ ከስሩ ካልተቀባ እርጥበት በአንድ ወገን ብቻ ይገባና ይጎብጣል። ብዙ አናጢ ስሩን አይቀባም፣ ማን ያየዋል ብሎ፣ እንጨቱ ግን ያውቀዋል።

በመጨረሻ ሰም። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ የተልባ ዘይት በክብደት፣ በቆርቆሮ አርጋችሁ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቅልጡት፣ እሳት ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት ሰም ይቀጣጠላል። ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ቅባት ይሆናል፣ ቀብታችሁ አድራችሁ በጥጥ ጨርቅ ማሸት ነው።

እባካችሁ ይሄን በደንብ አንብቡ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተቆልሎ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት እየፈጠረ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ስትጨርሱ ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጪ ገመድ ላይ ስቀሉት፣ ደረቅ ብሎ ሲጠነክር ይጣላል፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቤት ውስጥ ቆሻሻ ቅርጫት አይገባም፣ ልጆች ባሉበት ቤት በተለይ።

ከተቀመጠ በኋላ

ጀበና በማቶት ይቀመጥ፣ ከሰል ያለበት ማንደጃ ግን ላዩ ላይ በምንም አይነት። ቡና ከፈሰሰ ወዲያው ጥረጉት። ከእርጥብ ብረት፣ ለምሳሌ ከጣሳ ስር፣ ጥቁር ክብ ከቀረ ሎሚ ጨምቃችሁበት ትንሽ አቆይታችሁ በንጹህ ውሃ ጥረጉ፣ ብዙውን ይለቃል፣ ከደረቀ በኋላ ያቺን ቦታ በ180 አሽታችሁ ዘይት መልሱባት። በአመት አንዴ ሰሙን አድሱ። የመጀመሪያው ክረምት ሀምሌ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛውን ገልብጣችሁ ሞላላዎቹን ቀዳዳዎች እዩ፣ ብሎኑ የቀዳዳው ዳር ጋር ደርሶ ከሆነ አላሉትና ቀዳዳውን በሞረድ 3፣ 4 ሚሊ አስረዝማችሁ መልሳችሁ እሰሩት።